ለተከበሩ የኢንተርኔት የበረራ ርቀትና ሰዓት ማስያ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከባሕር ዳር ጎንደር በ38 ደቂቃ ስላደረሱን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ። ኔትዎርክ አይጥፋብዎ።

ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ 102 ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ 38 ደቂቃ ብለው ሲፈርዱ ድምፅዎ እንኳ አይንቀጠቀጥም። ስሌትዎን አይተነዋል። ሁለቱን ማረፊያዎች የምድርን ክብነት ጠብቀው በአንድ መስመር ያገናኛሉ፤ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ጄት ያስቡና 8 ደቂቃ ያገኛሉ፤ ለመነሳትና ለማረፍ 30 ደቂቃ ይመርቃሉ። ሂሳቡ እንከን አይወጣለትም። የጎደለው አውሮፕላኑ ብቻ ነው።

ቀጥታ በረራ ያጣ መንገደኛ ምን እንደሚያደርግ ልንገርዎ። ጎንደር በስተሰሜን ናትና ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። 333 ኪሎ ሜትር በርሮ ቦሌ ይወርዳል። እዚያ ይጠብቃል፤ መጠበቅ በእርስዎ ቀመር ውስጥ ስለሌለ አላብራራም። ከዚያ 419 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይመለሳል፤ ሰማዩ ከጠራለት ጠዋት የተለየውን ጣናን በግራ መስኮት እንደገና ይሰናበታል። ድምሩ 752 ኪሎ ሜትር! በራስዎ ቀመር እንኳ አየር ላይ ብቻ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። ያውም በጄት ሂሳብ፤ አገር ቤት የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ደግሞ 800 የሚባል ፍጥነት አያውቅም።

ይህ ሁሉ ተችሎ የሚወርዱት ማረፊያው ያለበት አዘዞ ነው። ጎንደር ፒያሳ ለመድረስ ታክሲ ይያዛል። ለታክሲው ድርድር ስንት ደቂቃ መድበዋል?

እኔ እንኳ ለምጄዎታለሁ። ችግሩ ከዋሽንግተን የመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት። ስልኳን እያሳየች «38 ደቂቃ እኮ ነው! ባሕር ዳር ዓሣችንን በልተን ቡናውን ጎንደር እንጠጣለን» አለችና ጎንደር ደውላ ቡና አስቆላች። ለአቦል የተጠበቅን ሰዎች በረካውም አመለጠን። የሄድነው በሚኒባስ ነው፤ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን፣ ሐይቁን በምሥራቅ ዞረን፣ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በማክሰኝት፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል። የእርስዎ መስመር ግን የደቅ ደሴትን በግራው ትቶ ውኃውን ቀጥ ብሎ ይሰነጥቀዋል። መቼም መስመር ሆኖ እንደ መፈጠር ያለ ዕድል የለም፤ ኬላ የለበት፣ ፍተሻ የለበት።

በሁለቱ ከተሞች መካከል «የሰዓት ልዩነት የለም» ብለው ስላሳወቁን ደግሞ ልዩ ምስጋናችን ይድረስዎ። ጎንደር ሲነጋ ባሕር ዳርም ይነጋ እንደሆነ ግራ ገብቶን ነበር።

የምንጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ከ38 ደቂቃው ሥር በትንሽ ፊደል «አውሮፕላን ካለ» የምትል ሐረግ ቢጨምሩልን። ቦታ አትፈጅም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
— ለጣና ሐይቅ (ሳያስፈቅዱ በላዩ ስላሰመሩ እንዲያውቀው)
— ለወረታ መናኸሪያ
— ለጣና ታንኳ ቀዛፊዎች (ቀጥታው መስመር በእነሱ እጅ ስለሆነ ታሪፉን እንዲያሳውቁን)