እርማት፦ ፈቃድ የሌለው መምህር የግል ትምህርት ቤት መምራት አይችልም?

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ውስጥ የስቴቱ የመምህርነት ፈቃድ የሌለው ሰው የግል ትምህርት ቤት ማስተማርም መምራትም አይችልም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው። ፈቃዱ በዋናነት የሚጠየቀው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። ኢንዲፔንደንት ስኩል ለሚባሉት፣ ማለትም በራሳቸው ቦርድ ለሚተዳደሩት የግል ትምህርት ቤቶች፣ በአብዛኞቹ ስቴቶች ሕጉ ፈቃድ አያስገድድም።

«የግል» ስንል ባለቤት ያለው ይመስለናል። ኢንዲፔንደንት ስኩሎች ግን ባብዛኛው ለትርፍ ያልቆሙ ናቸው። ርዕሰ መምህሩን የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም የባለአደራዎች ቦርድ ነው።

ፍራንክ ቦይደንን እንይ። በ1902 ከአምኸርስት ኮሌጅ ሲመረቅ ሐሳቡ ሕግ መማር ነበር። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ላጠራቅም ብሎ ማሳቹሴትስ ውስጥ የዲርፊልድ አካዳሚ ርዕሰ መምህር ሆነ። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ የደረሰ፣ ተማሪዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጠረጴዛውን ኮሪደር ላይ አስቀመጠ፤ የሚያልፈውን ልጅ ሁሉ እዚያው ያገኘዋል። እስከ 1968 ቆየ። 66 ዓመት!

ዛሬ መንገዱ ረዘም ይላል። ብዙዎቹ ከክፍል ይጀምራሉ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይሆናሉ፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱን አንድ እርከን፣ ለምሳሌ ሁለተኛ ደረጃውን፣ ይመራሉ። ከተማሪዎች ቅበላ ቢሮ የሚመጡም አሉ። ማስተርስ ያለው ቢመረጥም ያ የቦርዱ ፍላጎት ነው።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ለዓመታት ፊዚክስ አስተምረው ቨርጂኒያ ሲደርሱ «ፈቃድ የለኝም» ብለው ማመልከቻ እንኳ ሳያስገቡ የቀሩ ሰዎች ስለማውቅ ነው። አንጀቴን ይበላኛል። የምትኖርበትን ስቴት ደንብ አጣራና ሲቪህን ላክ።