ማስተካከያ፦ ላየንፊሽና ፓፈርፊሽ የሚባሉት ሁለቱ ዓሦች አንድ አይደሉም

በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር ወጥተው ሜዲትራኒያንን ስለወረሩ ዓሦች ሰሞኑን የሚዘዋወረው መረጃ አደገኛ ስህተት አለው። «ላየንፊሽም ፓፈርፊሽም መርዛም ናቸው፤ በደንብ ከበሰሉ ግን ይበላሉ» ይላል። በፍጹም!

የላየንፊሽ መርዝ እሾሁ ላይ ነው። እሾሁ በጥንቃቄ ከተነሳለት ሥጋው ይበላል። ቆጵሮስ ውስጥ በሬስቶራንት ሳይቀር ይቀርባል፤ መበላቱም ቁጥሩን ለመቀነስ ያግዛል።

ፓፈርፊሽ ግን ሌላ ጉድ ነው። ሲነካ እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ጎኑ ላይ የብር መስመር አለው፣ ጥርሱ መረብ ይበጥሳል። መርዙ ጉበቱ ውስጥም ሥጋው ውስጥም አለ። ቢቀቀል፣ ቢጠበስ አይጠፋም። ማርከሻ የለውም፤ ትንፋሽ አቁሞ ይገድላል። እስራኤል ሽያጩን የከለከለችው ለዚህ ነው። አሽዶድና ሃይፋ ዓሣ የምታጠምዱ ወገኖች፣ መንጠቋችሁ ላይ ከመጣ እባካችሁ ቤት አታስገቡት።