ፕሮግራም ፈላጊው መቼ ነው የሚታሰብለት?

ሰው ፕሮግራም የሚፈልገው ሥራ ስላለው ነው፤ ፎቶ ለማሳነስ፣ ድምፅ ለመቁረጥ፣ ደብዳቤ ለመጻፍ። የፕሮግራሞችን ዝርዝር ሲከፍት ግን የሚጠብቀው የሠሪዎቹ ዓለም ነው። ፕሮግራሙ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ በየትኛው የመስኮት ሥርዓት ላይ እንደሚሠራ የሚናገር ምድብ! ተጠቃሚው ይህን ለማወቅ ለምን ይገደዳል?

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 የተባለ ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ብቻ 64,419 ጥቅሎች፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጁ የሶፍትዌር እሽጎች፣ አሉት። ብዙዎቹ ተጠቃሚው በቀጥታ የማይከፍታቸው፣ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉባቸው የኮድ ስብስቦች (ላይብረሪዎች) ናቸው። እያንዳንዱ ጥቅል ደግሞ የሚመዘገበው በአንድ ምድብ ብቻ ነው። ታዲያ ቪዲዮ ከኢንተርኔት የሚያወርድ ፕሮግራም የት ይግባ? ቪዲዮ ውስጥ ወይስ ኔትወርክ? መዳቢው አንዱን ይመርጣል፤ ፈላጊው በሌላው በር ገብቶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «መገልገያዎች» እና «ልዩ ልዩ» የሚባሉት ምድቦች ናቸው። መገልገያ ያልሆነ ፕሮግራም የትኛው ነው? መዳቢው ማሰብ ሲሰለቸው የወረወረው ሁሉ እዚያ ይከማቻል፤ የሒሳብ ማሽኑም፣ የፋይል ማሸጊያውም፣ ስሙ ምንም የማይነግረን ሌላውም።

መፍትሔው አልጠፋም። ዴብታግስ የተባለው የዴቢያን አሠራር ለአንድ ጥቅል ብዙ መለያ ይሰጣል፦ ለምን እንደሚያገለግል፣ ከምን ዓይነት ፋይል ጋር እንደሚሠራ፣ በመስኮት ወይም ትእዛዝ በመተየብ እንደሚታዘዝ። ነገር ግን መለያውን የሚለጥፍ ሰው ያስፈልጋል። አዲስ ፕሮግራም ለጻፈ ይጨበጨባል፤ ለፈላጊው መንገድ የጠረገውን ማን አመሰገነ?

እናንተ መዳቢዎች፣ ቢያንስ ምድብ ከማጽደቃችሁ በፊት ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሰው አስቀምጡና «ፎቶ ማሳነሻ ፈልግ» በሉት። ሳታግዙት፣ የት የት እንደሚገባ ተመልከቱ።