«ግፊቱን ጨምርበት» ለምትሉ ሁሉ

ኧረ በፈጠራችሁ! በታመቀ አየር የምትሠራ፣ ሲሊንደሯ የሚወዛወዝ ትንሽ ሞተር እምቢ ባለች ቁጥር «ግፊቱን ጨምርበት» በሉ ያላችሁ ማነው?

ዘይቱን ከእጄ ሳልጠርግ ነው የምጽፈው። ሲሊንደሩና ሳህኑ (የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳ ያለው ቋሚ ብረት) የሚነካኩበት ገጽ ገና አልታሸም፣ ለሙከራ ነው ብያለሁ። ጋሼ ጠጋ ብለው «አንተ ልጅ፣ የሠራኸው ሞተር ነው ፉጨት?» ሰዉ ሁሉ በሳቅ! «አየሩ በገጹ በኩል እያመለጠ ነው» ስል «እኔ ቶርኖ ላይ ነው የሸበትኩት» ብለው 6 ባር ግፊት ለቀቁበት። ደህና ለተሠራች 1 ባር ከበቂ በላይ ነው እኮ! ግፊት ሲበዛ ሲሊንደሩን ከሳህኑ ያላቅቀዋል፣ ሲሊንደሩን ሳህኑ ላይ የሚጫነው ሞላ ይሸነፋል፣ አየሩ ብሶበት ይወጣል። ፉጨቱ ጨመረ። «አልኩህ፣ አይሆንም» ብለውኝ ሄዱ። ሽበት ቀዳዳ ይደፍን ይመስል!

«እሺ ሞላውን አጥብቀው» ባዩ ደግሞ ሌላው ጉድ። ሲጠብቅ ፍትጊያው አንቆ ይይዛታል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ጠፍጣፋ መስታወት፣ 600 ቀጥሎ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ጠብታ ዘይት። ገጹን በማርከር ቀብቶ ቀለሙ ከሁሉም ቦታ እኩል እስኪለቅ ማሸት። ሲሊንደሩ የሚወዛወዝበት ምሶሶ ለገጹ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ግን ዕድሜ ልክ ብታሽም ከንቱ ነው።

ንድፍ የምትለጥፉትም አላችሁ። «እዚህ ብሳ» ብቻ! ለምን እዚያ? የፒስተኑ ጉዞ 20 ሚሊ ከሆነ የክራንኩ ፒን (የፒስተኑ ዘንግ የሚያያዝበት) ከክራንኩ መሃል 10 ይርቃል። ከክራንኩ መሃል እስከ ምሶሶው 40፣ ከምሶሶው እስከ ሲሊንደሩ አየር ቀዳዳ 15 ሚሊ ይሁን፤ ቀዳዳው ግራና ቀኝ 3.75 ሚሊ ይወዛወዛል። ስለዚህ የሳህኑ ሁለት ቀዳዳዎች መሃል ለመሃል 7.5 ይራራቃሉ፣ የሲሊንደሩም የሳህኑም ቀዳዳ እኩል ከሆነ ስፋታቸው ከ3.75 ማነስ አለበት፤ 3.5 ይበቃል። 4 ሚሊ ፑንታ (መብሻ) ያነሳ ሰው ሲሊንደሩ መሃል ላይ ሲደርስ መግቢያና መውጫውን አገናኘ ማለት ነው፤ አየሩ ሥራ ሳይሠራ ሰላም ብሎ ያልፋል። ይህን አንድ መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል?

ደግሞ እያነሳሁ ላብዳ፦ 10 ሚሊ ሪመሬን (የተበሳ ቀዳዳ ልክ የሚያስተካክል ስለታም መሣሪያ) የተዋሰው ሰውዬ! በ9.8 ፑንታ በስቶ፣ ዘይት ነክቶ፣ ወደ ፊት እያዞሩ አስገብተው ወደ ፊት እያዞሩ ነው የሚያወጡት። እሱ ወደ ኋላ አዙሮት ስለቱን ጨርሶ መለሰልኝ። «ትንሽ ደንዟል መሰለኝ» አለኝ እኮ፣ መሰለኝ!

አሁን ደግሞ አንዱ «ቮላኖውን (ከክራንኩ ጋር የሚዞረውን ከባድ መንኮራኩር) ብታከብደውስ?» ብሎ ልኮልኛል። እሺ ወንድሜ፣ አከብደዋለሁ። ፉጨቱን ይጎትትልኛል።