ማስተካከያ፦ ስለ ሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር አመሠራረት

ሰሞኑን ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ የሳንት ኤጂዲዮ ካቶሊካዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 ሮም ውስጥ በአንድ ካህን እንደተቋቋመ ይናገራል። ዓመቱም መሥራቹም መታረም አለባቸው።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1968፣ በእኛ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ አንድሪያ ሪካርዲ ያኔ የ18 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። ከጓደኞቻቸው ጋር ወንጌል እያነበቡ፣ ከትምህርት በኋላ በሮም ዳርቻ ወዳሉት ደሳሳ ጎጆዎች ይሄዱ ነበር፤ ለድሃ ልጆችም የከሰዓት ትምህርት ከፈቱ። ምእመናን፣ ያውም ወጣቶች፣ የጀመሩት መሆኑ ከተዘነጋ የታሪኩ ዋና ነገር ይጠፋል።

1973 ሌላ ነገር የሆነበት ዓመት ነው። ያኔ በትራስቴቬሬ ሰፈር ባዶውን ወደቀረው የቅዱስ ኤጂዲዮ የደናግል ገዳም ገቡ፤ መጠሪያቸውም ከዚያ መጣ። ቫቲካን ዕውቅና የሰጠቻቸው ግን በ1986 ነው።

ከማኅበሩ ካህናት መውጣታቸው እርግጥ ነው፤ የቦሎኛው ካርዲናል ማቴዮ ዙፒ አንዱ ናቸው። ሪካርዲ ግን የታሪክ ፕሮፌሰር ሆኑ እንጂ ክህነት አልተቀበሉም።