አሮጌውን ሰንጢ አትወልውሉት

በኢንተርኔት ብዙ ተመልካች ከሚያገኙት ቪዲዮዎች አንዱ ዓይነት ይህን ይመስላል፦ ዝገት የበላው ታጣፊ ሰንጢ ይቀርባል፣ ሚስማሮቹ ተመትተው ይወጣሉ፣ ስለቱ በማሽን ይፋቃል፣ እጀታው በአዲስ ይተካል፣ በመጨረሻም ፊት የሚያሳይ ብረት ካሜራው ፊት ይብለጨለጫል። ከሥር የሚጻፈው ሁሉ አድናቆት ነው። የሠሪዎቹን የእጅ ጥበብ አልነቅፍም። ነገር ግን በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሰንጢው የማን ሥራ እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራና ምን ያህል እንዳገለገለ የሚናገሩት ምልክቶች አንድ በአንድ ይጠረጋሉ። አሮጌ ሰንጢ መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ማጽዳት ከመማሩ በፊት ማንበብ ይማር። ማንበብ የቻለ ሰው መወልወያውን ለማንሳት እጁ አይፈጥንም።

ንባቡ የሚጀምረው ከስለቱ ግርጌ ነው። ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚጋጠምበት፣ የማጠፊያው ሚስማር የሚያልፍበት ያልተሳለ ክፍል ማለት ነው። የሠሪው ማህተም የሚመታው እዚያ ላይ ነው፤ አንዳንዴ በአንድ ጎን ብቻ፣ አንዳንዴ በሁለቱም ጎን። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጀማሪ የአሜሪካው ሰንጢ ሠሪ ድርጅት ኬዝ ጥሩ መማሪያ ነው። ከ1940 እስከ 1964 ማህተሙ የድርጅቱ ስምና ሁለት ኤክስ ነበር። ከ1965 እስከ 1969 በአሜሪካ የተሠራ መሆኑ ተጨመረበት። በ1970 ከማህተሙ ጋር አሥር ነጥቦች ተደረደሩ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ነጥብ እየተቀነሰ ሄደ። ስለዚህ ሰባት ነጥብ ያለው ሰንጢ የ1973 ነው። በ1980 ቆጠራው እንደገና ከአሥር ተጀመረ፤ ሁለቱ ዙሮች የሚለዩት በፊደሎቹ ቅርጽ ነው፤ በሁለተኛው ዙር ኤስ የምትባለው ፊደል እንደ መብረቅ የተሰበረች ናት። እንግዲህ አስቡት፦ አንዲት ነጥብ ከመርፌ ጫፍ ብዙም አትበልጥም። የብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያልፍባት ትጠፋለች፤ የ1973ቱ ሰንጢም የ1974 ሆኖ ያርፈዋል።

በዚያው ግርጌ የሚገኘው የሞዴል ቁጥርም የራሱ ሰዋስው አለው። 6254 የሚለውን እንውሰድ። የመጀመሪያው 6 እጀታው የተፈለፈለ አጥንት መሆኑን፣ 2 ስለቶቹ ሁለት መሆናቸውን፣ 54 ደግሞ ትራፐር የሚባለውን ቅርጽ ያመለክታል። የመጀመሪያው አኃዝ 5 ቢሆን እጀታው የአጋዘን ቀንድ፣ 3 ቢሆን ቢጫ ሰው ሠራሽ ቁስ መሆን ነበረበት። ቁጥሩ በ5 ጀምሮ እጀታው ለስላሳ ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ እጀታው ተቀይሯል፣ ወይም ስለቱ ከሌላ ሰንጢ መጥቷል። ትራፐር ሲታጠፍ ርዝመቱ 105 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ማስመሪያው ከዚህ በእጅጉ የራቀ ቁጥር ከሰጠ ቁጥሩና አካሉ አይተዋወቁም ማለት ነው።

የአገር ስምም ዘመን ይናገራል። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት በሕግ ስላስገደደች፣ ከእንግሊዟ ከተማ ከሼፊልድ የመጣ ሰንጢ ላይ እንግሊዝ የሚል ከተመታ በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገሩን ሲገለብጠው ነው፦ የአገር ስም የለውም፣ ስለዚህ ከ1891 በፊት ነው ይላል። አይሆንም። ሼፊልድ ወይም የጀርመኑ ዞሊንገን ለራሱ አገር ገበያ የሠራው ሰንጢ ይህን ጽሑፍ የሚሸከምበት ምክንያት አልነበረውም። ምዕራብ ጀርመን የሚል ማህተም ግን ከ1949 በፊት ሊሆን አይችልም። የማይዝግ ብረት መሆኑን የሚናገር ስለትም እንዲሁ ነው። ሃሪ ብሪርሊ በሼፊልድ ያንን ብረት ያወጣው በ1913 ስለሆነ፣ የ1890ዎቹ ነው ተብሎ የሚቀርብ የማይዝግ ሰንጢ ራሱን በራሱ ያጋልጣል። የስዊሱ ሰንጢ ሠሪ ቪክቶሪኖክስ ስምም ቪክቶሪያ በሚለው የቀድሞ ስም ላይ የማይዝግ ብረት መጠሪያ የሆነው ኢኖክስ ተጨምሮበት በ1921 የመጣ ነው።

ማህተም የሌለበት ቦታ ላይ አሠራሩ ራሱ ይመሰክራል። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ከ1890 ጀምሮ ቢሠራም፣ ዘውድ የደፋች እጅ የሚያሳየው ምልክቱ የተመዘገበው በ1909 ነው፤ ስለቱን ቆልፎ የሚይዘው ተሽከርካሪ ቀለበት ደግሞ በ1955 መጣ። ቀለበት ያለው ኦፒኔል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረ ነው የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ማህተሙን ብቻ አትመኑ እላለሁ፤ አስመሳዮችም ይህንኑ ዝርዝር ያጠኑታልና። እውነተኛው ማህተም በአብዛኛው የሚመታው ብረቱ በሙቀት ከመጠንከሩ በፊት ነው፤ ስለዚህ የፊደሎቹ ግድግዳ ቀጥ ያለ፣ ወለላቸው ለስላሳ ይሆናል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር፣ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። በአሲድ የተበላ ሐሰተኛ ማህተም ወለሉ ሻካራ፣ ጠርዙም የተነፋ ይመስላል። በዙሪያው ያለው ብረት ጠቁሮ የፊደሎቹ ውስጥ ብቻ ንጹሕ ከሆነ ማህተሙ ከጥቁረቱ በኋላ የገባ ነው። ሌላው ማታለያ የርካሹን ሠሪ ስም ፍቆ የታዋቂውን መምታት ነው። በዚህ ጊዜ ግርጌው ይሳሳል። ሰንጢውን ከፍታችሁ ወደ ብርሃን ብትይዙት በግርጌውና በውስጠኛው የናስ ቆርቆሮ መካከል ሊኖር የማይገባ ክፍተት ታያላችሁ። በካሊፐር የግርጌውን ውፍረት ማህተሙ ባለበትና በሌለበት ቦታ ለኩ፤ የሚሊ ሜትር ጥቂት አሥረኞች ልዩነት በቂ ምስክር ነው።

ማጭበርበር የሌለበት ስህተትም ብዙ ነው። የአሜሪካው ሬሚንግተን ሰንጢ የሠራው ከ1920 እስከ 1940 ነው፤ ከ1982 ጀምሮ ግን የቀድሞዎቹ ቅርጾች በዚያው ስም እንደገና ወጥተዋል። በሕጋዊ መንገድ የተሠሩ፣ ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፤ ነገር ግን ለአርባ ዓመት ኪስ ውስጥ የከረመ አንዱ በአያት ቅርስነት ሲቀርብ ያሳስታል።

ቀጥሎ ስለቱ ምን ያህል እንደተበላ ይታያል። ስለቱን ዘርግታችሁ በጎን ስትመለከቱ፣ የተሳለው ጠርዝ ከግርጌው የታችኛ ጠርዝ ጋር ተቀራርቦ ከቀጠለ ብዙ አልተሳለም። ከግርጌው አጠገብ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ለዓመታት በድንጋይ ተሞርዷል። ሁለት ስለት ባለው ሰንጢ ትልቁ አልቆ ትንሹ ሙሉ ሆኖ መገኘቱ የተለመደና ተገቢ ነው። ትልቁ ሙሉና አዲስ፣ ትንሹ ያለቀ ከሆነ ግን ትልቁ የተቀየረ መሆኑን ጠርጥሩ። ጫፉ ተሰብሮ የተስተካከለ ስለት የጥፍር ማስገቢያው፣ ማለትም ስለቱን ለመክፈት ጥፍር የሚያዝበት ጭረት፣ ወደ ጫፉ የቀረበ ይሆናል። ሲታጠፍ ጫፉ ከእጀታው ወጥቶ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ አንዳንዶች ግርጌው ላይ ያለችውን ማቆሚያ ጉብታ በሞረድ ይቀንሷታል። ያን ጊዜ ስለቱ ጠልቆ ውስጥ ካለው ሞላ ጋር ይጋጫል፤ በተሳለው ጠርዝ መካከል አንዲት ትንሽ ሸራፋ ካገኛችሁ ምክንያቷ ይህ ሊሆን ይችላል።

የጀርባውን ሞላ በሦስት አቋም መርምሩት፦ ስለቱ ታጥፎ፣ ግማሽ ተከፍቶ፣ ሙሉ ተዘርግቶ። በጥሩ ሥራ ሞላው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከሁለቱ ቆርቆሮዎች ጋር እኩል ይተኛል፤ በምርጦቹ ግማሽ ላይም እንዲሁ። በጣት ዳስሱት። አንዱ ቦታ ላይ ጎልቶ ሌላው ላይ የሰመጠ ከሆነ ስለቱ ወይም ሞላው የሌላ ሰንጢ ነው፣ ካልሆነም ግርጌው ተፍቋል። በእጀታው ጫፎች ያሉት የብረት ቆቦች ላይ የሚስማሩ ራስ በፋብሪካ ተመትቶና ተልጎ እንዳይታይ ሆኖ ነበር። ጎልቶ የሚታይ ክብ ካለ ሰንጢው ተፈትቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ብቻውን አያስኮንንም፤ ብዙ አገልግሎትም ሚስማሩን ያሳያል። ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ሲደመር ነው የሚከብደው።

ስለ እጀታው ቁስ ሲነሳ በጣም የተለመደው ምክር የጋለ መርፌ ማስነካት ነው። እባካችሁ ተዉት። አሮጌ ሰንጢዎች ላይ በብዛት ያለው ሴሉሎይድ የተባለ የዱሮ ፕላስቲክ በቀላሉ ተቀጣጣይ ነው፤ አጥንት ቢሆንም መርፌው የማይሽር ጠባሳ ይተዋል። አጉሊ መነጽሩ ይበቃል። አጥንት ውስጥ የደም ሥር ያለፈባቸው ቀዳዳዎች በተቆረጠበት አቅጣጫ እንደ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ወይም ሰረዝ ይታያሉ። ፕላስቲክ ቀዳዳ የለውም፣ ፍልፍሉም ከቅርጽ ማውጫ ስለሚወጣ ሁሉም ሰንጢ ላይ አንድ ዓይነት ነው። አጥንት የሚመስለው ዴልሪን የተባለ ፕላስቲክ ለገበያ የቀረበው በ1960 አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ሰንጢ ላይ ከተገኘ እጀታው ተቀይሯል።

አሁን ወደ መወልወያው እንመለስ። በፋብሪካ ስለቱ የሚለሰልሰው በሚሽከረከር ጎማ ስለሆነ፣ ጥቃቅን ጭረቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ወደ ስሉ ጎን ይወርዳሉ። በእጅ የፈተገ ሰው የሚተወው ጭረት ከግርጌ ወደ ጫፍ የሚሄድ ነው። ይህን ልዩነት አንዴ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ አይሸወድም። በስለቱ ፊት ላይ በአሲድ በስሱ የተጻፈው የምርት ስም ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍም ያው ነው፤ ዝገቱን ሲበላ ጽሑፉንም ይበላል። የቆቦቹ ሹል ጠርዝ በማሽን ይዶለዱማል፣ የእጀታው ፍልፍል ይሟሽሻል። እነዚህ አንዳቸውም ተመልሰው አይመጡም።

የሚገባው ጽዳት ትንሽ ነው። በየማጠፊያው አንድ ጠብታ የማዕድን ዘይት አድርጉና ሌሊቱን አሳድሩት፤ የጠነከረ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ደጋግሙለት። በፒንሳ አትክፈቱት፣ የጥፍር ማስገቢያው ይሸረፋል። ውስጡ የተጠቀጠቀውን ቆሻሻ በስቴኪኒ አውጡ። ቀይ ዝገት ሕያው ስለሆነ ብረቱን መብላቱን ይቀጥላል፤ እሱን ብቻ አራት ዜሮ ተብሎ በሚሸጠው እጅግ ስስ የብረት ሱፍ፣ ዘይት አስነክታችሁ፣ ሳትጫኑ አንሱት። ቀዩ ሲያልቅና ግራጫው ወይም ጥቁሩ ሲቀር አቁሙ። ማህተሙ አካባቢ ግን በጨርቅና በዘይት ብቻ ሥሩ። እጀታው አጥንት ከሆነ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ ይነፋና ሲደርቅ ከሚስማሩ ጀምሮ ይሰነጠቃል።

ሴሉሎይድ እጀታ ያላቸውን ለብቻ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡ። ይህ ቁስ ሲያረጅ የሚያወጣው አሲዳማ ትነት የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን በአንድ ሣጥን የተቀመጡትን ጎረቤቶቹንም ያዝጋል። ስለቱ ላይ ከእጀታው ትይዩ በሆነው ክፍል ብቻ ዝገት ካያችሁና ካምፎር የመሰለ ወይም የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለው ጊዜ አትስጡት፤ ለዩት። ሌሎቹንም በቆዳ ሰገባ ውስጥ አታሳድሩ፤ ቆዳው የተለፋበት አሲድና የሚስበው እርጥበት ብረቱን ያበላሻሉ።

ከሻጮችም የምጠይቀው አለኝ። የሁለቱ ጎን ፎቶ፣ የታጠፈና የተዘረጋ፣ ማህተሙ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ቀርቦ፣ ጀርባው ሞላውን በሚያሳይ መልኩ፣ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር። ሰንጢው ከተፈታ ምን እንደተቀየረ ይጻፍ። ማደስ ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች ደግሞ ስለት ወይም እጀታ ሲቀይሩ፣ የእጀታው ልባስ ከመገጠሙ በፊት በውስጠኛው ቆርቆሮ ላይ የራሳቸውን ስምና ዓመቱን ቢመቱ፣ ነገ ሰንጢውን የሚፈታው ሰው የትኛው ክፍል የዱሮ፣ የትኛው የእነሱ ሥራ እንደሆነ ያውቃል።