ክሊንስማንን ቀጥረው ሎቭን የረሱ

ዩርገን ክሊንስማን በአሰልጣኝነት ሦስት ብሔራዊ ቡድኖችን መርቷል፤ ጀርመንን፣ አሜሪካንና ደቡብ ኮሪያን። ከመጀመሪያው በጭብጨባ ተሸኘ፤ ከሁለቱ ተባረረ። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ "ጎበዝ ተጫዋች ሁሉ ጎበዝ አሰልጣኝ አይሆንም" ብሎ ያልፋል። እንዲህ ከሆነ በ2006 የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ የወጣው የጀርመን ቡድን ከየት መጣ? (ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በእኔ እምነት ሰውየው የሚችለውና የማይችለው ሥራ ገና ከጅምሩ ተለይቶ የታወቀ ነው። በ2004 የጎደለውን የሚሞላ ረዳት፣ ዮአኪም ሎቭን፣ ራሱ ፈልጎ አጠገቡ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የቀጠሩት ሁሉ ስሙን ሲገዙ፣ በረዳቱ ወንበር ላይ ያን ያህል ክብደት ያለው ሰው አልነበረም።

ስሙ ደግሞ በእርግጥም ከባድ ነው። ለጀርመን 108 ጊዜ ተሰልፎ 47 ግብ አግብቷል። በ1990 የዓለም ዋንጫን፣ በ1996 በአምበልነት የአውሮፓ ዋንጫን አንስቷል። በ1990 ሚላን ላይ ከኔዘርላንድስ ጋር ሲጫወቱ የአጥቂ አጋሩ ሩዲ ፎለር በ22ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ ክሊንስማን ፊት ለፊት ብቻውን ቀርቶ የተጫወተው ጨዋታ እስከ ዛሬ ይነሳል። የመጀመሪያዋን ግብ ያገባውም እሱ ነበር።

ጀርመን በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ከምድቧ ሳታልፍ ቀርታ፣ ፎለር ከአሰልጣኝነቱ ለቆ፣ ስመ ጥሩው አሰልጣኝ ኦትማር ሂትስፌልድም አልፈልግም ሲል ዕድሉ ለክሊንስማን ደረሰ። ካሊፎርኒያ የሚኖር፣ አንድም ቡድን አሰልጥኖ የማያውቅ ሰው ነበር። የአሰልጣኝነት ፈቃዱን ያገኘው በ2000 ሄኔፍ ላይ ለቀድሞ ተጫዋቾች በተሰጠ አጭር ኮርስ ሲሆን፣ አብረውት ከተማሩት አንዱ ዮአኪም ሎቭ ነበር። ሎቭ ሽቱትጋርትን በ1997 የጀርመን ዋንጫ፣ ቲሮልን በ2002 የኦስትሪያ ሊግ ባለድል አድርጓል። ክሊንስማን ሲሾም ረዳቱ አድርጎ የወሰደው እሱን ነው። ይህ በአሰልጣኝነት ዘመኑ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል።

ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ክሊንስማን ከፌዴሬሽኑ ጋር ተጋፈጠ፤ ለዓመታት የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ የነበረውን ሴፕ ማየርን አሰናብቶ አንድሬያስ ኮፕከን አመጣ፣ ኦሊቨር ቢርሆፍን የቡድን መሪ አደረገ፣ ከአሜሪካ የአካል ብቃት አሰልጣኞችን አስመጣ። ተጫዋቾቹ እግራቸው ላይ የላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ ሲሠሩ ጋዜጦቹ ተሳለቁ። ሜዳ ላይ ግን የኋላ መስመሩን የሚያስተምረው ሎቭ ነበር። የጀርመን እግር ኳስ ለረጅም ዘመን ተጋጣሚን ሰው በሰው በመያዝና ከኋላ ሊቤሮ (ማንንም ሳይይዝ ከሁሉም ጀርባ የሚቆም ነፃ ተከላካይ) በማስቀመጥ የኖረ ነው። አዲሱ መስመር አራቱ ተከላካዮች እንደ አንድ ሰው እንዲንቀሳቀሱ ይጠይቃል፦ ኳስ ወደ ግራ ሲሄድ አራቱም ወደ ግራ ይጠጋሉ፤ ኳስ የያዘው ተጋጣሚ ሲጨነቅ ወደፊት ይወጣሉ፤ ቀና ብሎ የማየት ጊዜ ሲያገኝ ወደኋላ ያፈገፍጋሉ። አማካዮቹ ሳይጫኑ ተከላካዩ ቀድሞ ከወጣ ከጀርባው የሚቀረው ሜዳ የአጥቂ ሲሳይ ነው። በ2005 የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ጀርመን በ5 ጨዋታ 15 አግብታ 11 ገባባት። መጋቢት 1 ቀን 2006 ፍሎረንስ ላይ ኢጣሊያ ገና በ7ኛው ደቂቃ 2 ለ 0 መራች፤ ጨዋታውም 4 ለ 1 አለቀ። ክሊንስማን ወደ ካሊፎርኒያ በረረ፤ የፓርላማ አባላት ሳይቀሩ ቀርቦ ያስረዳን አሉ።

እሱ ግን አልተንበረከከም፤ ጥንካሬውም እዚህ ላይ ነው። በግብ ጠባቂው በኦሊቨር ካን ምትክ የንስ ሌማንን መረጠ፤ ለብሔራዊ ቡድን አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሰለፈውን የክንፍ ተጫዋች ዳቪድ ኦዶንኮርን ጠራ። በዓለም ዋንጫው፣ ሰኔ 14 ቀን ዶርትሙንድ ላይ ከፖላንድ ጋር 0 ለ 0 እያሉ በ64ኛው ደቂቃ ተከላካዩን አርኔ ፍሪድሪሽን አውጥቶ ኦዶንኮርን አስገባ። ሰዓቱ ሞልቶ በጭማሪው ደቂቃ ኦዶንኮር ከቀኝ ሲያሻግር፣ ሌላው ተቀያሪ ኦሊቨር ኖይቪል መረብ ላይ አሳረፈ። ጀርመን ከኢጣሊያ ጋር ባደረገችው ግማሽ ፍፃሜ በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ 2 ገብቶባት ብትወድቅም፣ 14 ግብ አግብታ ሦስተኛ ወጣች። ክሊንስማን ለቀቀ፤ ሎቭ ተተካና በ2014 ዓለምን አሸነፈ።

ሎቭ የሌለበት ክሊንስማን መጀመሪያ የታየው ባየርን ሙኒክ ነው። በ2008 ክረምት ጀመረ፤ በሚያዝያ 2009 በአንድ ሳምንት ውስጥ በቮልፍስበርግ 5 ለ 1፣ በባርሴሎና 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሊጉ ሊያልቅ 5 ጨዋታ ሲቀረው ተሰናበተ። የቡድኑ ተከላካይ ፊሊፕ ላም በኋላ እንደጻፈው ልምምዱ ከሞላ ጎደል የአካል ብቃት ብቻ ስለነበር፣ እንዴት እንደሚጫወቱ ከጨዋታ በፊት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተሰብስበው ይነጋገሩ ነበር። ይህ በ2006 ለምን እንዳልታየ ለመረዳት የረዳቱን ስም ማየት ይበቃል።

አሜሪካ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። በ2012 ኢጣሊያን ጄኖዋ ላይ፣ ሜክሲኮን በራሷ ሜዳ አዝቴካ ላይ 1 ለ 0 አሸንፏል፤ በ2013 የጎልድ ካፕን (የአካባቢውን አገሮች ዋንጫ) ወስዷል፤ በ2014 የዓለም ዋንጫ ከጋና፣ ከፖርቱጋልና ከጀርመን ምድብ አልፏል። በተጫዋች ፍለጋም ብርቱ ነበር። የርሜይን ጆንስን፣ ፋቢያን ጆንሰንንና ጆን ብሩክስን የመሳሰሉ ጀርመን የተወለዱ ልጆችን አሰልፏል። በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በዋሽንግተን አካባቢ ያደገውን፣ በጀርመን ታዳጊ ቡድኖች የተጫወተውን የአርሰናሉን ገዲዮን ዘላለምንም በግልጽ ሲፈልገው ነበር። ገዲዮን የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ፣ በ2015 ፊፋ ሲፈቅድለት ኒውዚላንድ ላይ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተሰለፈ።

የጎደለው ያው የሜዳው ሥራ ነው። ኅዳር 11 ቀን 2016 ኮሎምበስ ላይ፣ ሜክሲኮን ለሚያህል ተጋጣሚ፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ቡድኑ ባልለመደው ሦስት ተከላካይ ገባ። መሀል ሜዳው ክፍት ሆነ፤ በ20ኛው ደቂቃ የሜክሲኮው ሚጌል ላዩን አገባ፤ አምበሉ ማይክል ብራድሊ ወደ መስመሩ ሄዶ ከተነጋገሩ በኋላ ጨዋታው ሳይጋመስ ወደ አራት ተከላካዩ 4-4-2 ተመለሱ። 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ከአራት ቀን በኋላ ኮስታ ሪካ 4 ለ 0 ረታቻቸው፤ እሱም ተባረረ። አዲስ አሰላለፍ የሚያዋጣው ተጫዋቹ ማን ማንን እንደሚይዝ ደጋግሞ ሲሠራበት ነው፤ የማጣሪያ ዝግጅት ደግሞ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

ሄርታ በርሊንን በየካቲት 2020፣ በ76 ቀን፣ በፌስቡክ መልእክት ጥሎ ከሄደ በኋላም የኮሪያ ፌዴሬሽን በ2023 ቀጠረው። ሶን ህዩንግ ሚን፣ ኪም ሚን ጄና ሊ ካንግ ኢን ያሉበትን ቡድን ይዞ የመጀመሪያዎቹን 5 ጨዋታዎች አላሸነፈም። አብዛኛውን ጊዜ ከአገር ውጭ ሆኖ መሥራቱም የአገሬውን ሰው አስቆጣ። ቁጣው ትክክል ነበር። የአገር ውስጥ ሊጉን በየሳምንቱ የማያይ አሰልጣኝ የሚጠራው የታወቁትን ብቻ ነው፤ አንዱ ሲቀጣ ተተኪው ማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

በእስያ ዋንጫ ኮሪያ ከማሌዥያ 3 ለ 3 ወጣች፤ ሳዑዲንና አውስትራሊያን ያለፈችው በጭማሪ ደቂቃ በተገኙ የአቻነት ግቦች ነው። በግማሽ ፍፃሜው ተከላካዩ ኪም ሚን ጄ በካርድ ቅጣት አልነበረም። የካቲት 6 ቀን 2024 ዮርዳኖስ 2 ለ 0 አሸነፈች፤ የመጀመሪያው ግብ የመጣው መሀል ሜዳ ላይ ከተበላሸ ቅብብል ነው። ኮሪያ በ90 ደቂቃ ኢላማውን የጠበቀ አንድም ሙከራ አላደረገችም። በጨዋታው ዋዜማ ሶንና ሊ ተጋጭተው የሶን ጣት መጎዳቱም ወጣ፤ ፌዴሬሽኑ ከዐሥር ቀን በኋላ ሲያሰናብተው የጨዋታ አመራሩን፣ የተጫዋቾች አያያዙንና የሥራ አመለካከቱን በምክንያትነት ጠቀሰ።